ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት፦ ፎቶና ቪዲዮ ክላውድ ላይ የማስቀመጥና ለቤተሰብ የማጋራት መመሪያ

«ስልኬ ጠፋ። ፎቶዎቼን መመለስ ይቻላል?»

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። አንዱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተነጥቆ ይደውላል። ሌላው ውሃ ውስጥ ጥሎት። ሌላዋ ሞባይል ቤት ወስዳ ፎርማት አስደርጋው። ሁሉንም መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «ጂሜልህ ማን ይባላል? ፓስዎርዱስ?» አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል።

አንዲት ጎረቤቴ ከልቤ አትጠፋም። ስልኳ ሲሰረቅ ውስጡ የእናቷ የመጨረሻ ዓመት ፎቶዎች ነበሩ። ባክአፑ (የፎቶዎቹን ቅጂ በራሱ የሚያስቀምጠው) በርቶ ስለነበር ፎቶዎቹ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የድርጅቱ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ሳይኖሩ አይቀሩም። ግን ጂሜሉን የከፈተላት ስልኩን የሸጠላት ልጅ ነው። አድራሻውንም ፓስዎርዱንም አታውቀውም። ሱቁ ድረስ ሄድን፤ ልጁ ሥራ ለቋል። ሦስት ቀን ሙሉ ሞከርን፤ አልሆነም። ከፎቶው በፊት ከአካውንቱ የምጀምረው ለዚህ ነው።

የማሳያችሁ በጎግል ፎቶስና በጎግል ድራይቭ ነው፤ አብዛኞቻችን የያዝነው አንድሮይድ ስለሆነ። አይፎን ላይ የሚለየውን በየቦታው እጠቁማለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልካችሁና ቻርጀሩ
- ዋይፋይ፣ ከሌለ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል
- በስማችሁ የወጣና እጃችሁ ላይ ያለ ሲም
- ለማረጋገጫ የሚሆን የቤተሰብ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር
- ወረቀትና እስክሪብቶ (ይህን አትዝለሉት)
- ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ፣ ለመጨረሻዎቹ ሥራዎች

1. አካውንቱ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

ጎግል ፎቶስን ክፈቱ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ምስል ንኩ። እዚያ የሚታየውን የኢሜል አድራሻ ወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ጻፉት፣ መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር ሳይቀር። ፓስዎርዱንስ ታውቁታላችሁ? «ስልኩ ራሱ ያስገባኛል» ካላችሁ አታውቁትም ማለት ነው። ስልኩ የሚያስገባችሁ እጃችሁ ላይ እስካለ ድረስ ነው።

የምታውቁት ከሆነ እሱንም ወረቀቱ ላይ ጻፉት። የማታውቁት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ አዲሱንም ጻፉት። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ጎግል» የሚለውን ክፈቱ። አካውንቱ የሚስተካከልበት ገጽ ይመጣል፤ «ሴኩሪቲ» ውስጥ ፓስዎርድ የሚቀየርበት አለ። የድሮውን ሲጠይቃችሁ «ፎርጎት ፓስዎርድ» በሉት። አካውንቱ ስልኩ ላይ ክፍት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን በምትከፍቱበት ፒን ወይም አሻራ ማንነታችሁን ያረጋግጥና አዲስ ፓስዎርድ እንድታወጡ ይፈቅድላችኋል። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ግን ይህ በር ይዘጋል።

ጨርሶ እምቢ ካለ ራሳችሁ አዲስ ጂሜል ክፈቱና ባክአፑን ወደ እሱ አዙሩት። ፎቶዎቹ ስልኩ ላይ እስካሉ ድረስ ምንም አይቀርባችሁም። በድሮው አካውንት ክላውድ ላይ ብቻ የቀሩ ፎቶዎች ካሉ ግን አስቀድማችሁ ወደ ስልኩ አውርዷቸው።

2. የመመለሻ መንገዱን አስተካክሉ

እዚያው «ሴኩሪቲ» ውስጥ የሪከቨሪ ስልክና የሪከቨሪ ኢሜል የሚል አለ። ጎግል «ይሄ ሰው እውነት ባለቤቱ ነው?» ብሎ ሲጠራጠር ኮድ የሚልከው ወደ እነዚህ ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ እዩ። ሞባይል ቤት የተከፈተ አካውንት ላይ የሻጩን ልጅ ቁጥር አግኝቼ አውቃለሁ። አጥፉትና የራሳችሁን አስገቡ። ኢሜሉ ላይ ደግሞ የምታምኑትን የቤተሰብ ሰው አድራሻ አድርጉ።

ቀጥሎ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩ። ፓስዎርዳችሁን ያወቀ ሰው እንኳ ሁለተኛውን ማረጋገጫ ካላለፈ አይገባም። ካበራችሁት በኋላ «ባክአፕ ኮድስ» የሚል ታገኛላችሁ። 10 ኮድ ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ነው፣ የሚሠራውም አንድ ጊዜ ብቻ። ወረቀት ላይ በእጃችሁ ገልብጧቸው። ስክሪንሹት አንስቶ መተው ከንቱ ነው፤ ስክሪንሹቱ ያለው በሚጠፋው ስልክ ውስጥ ነውና። ወረቀቱን ከልደት ሰርተፍኬትና ከቤት ካርታ ጋር አስቀምጡት።

ወደ ውጭ የምትሄዱ ይህን ደረጃ ደግማችሁ አንብቡት። ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ የምትሄድ እህት እዚያ አዲስ ሲም ታወጣለች። የአገር ቤቱ ሲም መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። አዲስ ስልክ ገዝታ ጂሜሏን ልትከፍት ስትል ኮዱ የሚሄደው መሳቢያ ውስጥ ወዳለው ሲም ነው። ከጉዞ በፊት ኮዶቹን በሁለት ወረቀት ጻፉ። አንዱ ከእናንተ ጋር ይሂድ፣ ሌላው ቤት ይቅር። እንደደረሳችሁ ደግሞ የሪከቨሪ ስልኩን በአዲሱ ቁጥር ቀይሩት።

3. ቦታውንና ጊዜውን አስሉ

ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ይህን ቦታ ጎግል ፎቶስ፣ ጂሜልና ድራይቭ ይካፈሉታል። የአንድሮይድ ዋትስአፕ ባክአፕም ከዚሁ ይቆረሳል። «ጎግል ፎቶስ ገደብ የለውም» የምትሉ አላችሁ፤ ያ በ2021 እ.ኤ.አ. ቀርቷል።

የሌሎቹን የክላውድ አገልግሎቶች ለማወቅ ያህል፣ አይክላውድ 5 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ 5፣ ድሮፕቦክስ 2፣ «ሜጋ» የሚባለው 20 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ። ሜጋን ከመረጣችሁ «ሪከቨሪ ኪ» የሚለውን ቁልፍ የግድ አስቀምጡ። ፋይሎቹ የሚቆለፉት በእናንተ ፓስዎርድ ስለሆነ ፓስዎርዱም ቁልፉም ከጠፋ ድርጅቱ ራሱ ሊከፍትላችሁ አይችልም።

15 ጊጋባይት ስንት ፎቶ ይይዛል? አንድ የስልክ ፎቶ ከ3 እስከ 4 ሜጋባይት ቢሆን ወደ 4,000 ገደማ። ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። በ1080 ጥራት የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። ከዚያ በሚበልጠው በፎር ኬ ጥራት ከሆነ ከ170 እስከ 350 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የልጅ ልደት ለመቅረጽ ካሜራችሁን 1080 ላይ አድርጉት። ለስልክና ለቤት ቴሌቪዥን ከበቂ በላይ ነው።

ጊዜውንም አስቡት። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል ደግሞ በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ነው። የአፕሎድ (ወደ ክላውድ የመላኪያ) ፍጥነታችሁ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ከሆነ 12 ጊጋባይት ወደ ክላውድ ለማውጣት 5 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ያውም ኔቱ ካልተቆራረጠ። አንድ ሌሊት ሙሉ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተኙ የምለው ለዚህ ነው።

4. ባክአፑን አብሩ

ጎግል ፎቶስ ውስጥ ክቧን ምስል፣ ከዚያ የፎቶስ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ባክአፕ» የሚለውን ክፈቱና አብሩት። ከማብራታችሁ በፊት የሚታየው ኢሜል ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁት መሆኑን እዩ። ስልኩ ላይ ሁለት ጂሜል ካለ ፎቶው ወደማታስቡት አካውንት ሊሄድ ይችላል።

ሁለት ነገር አስተካክሉ። ጥራቱን «ስቶሬጅ ሴቨር» ላይ አድርጉት። ከ16 ሜጋፒክሰል በላይ የሆነ ፎቶ ወደ 16 ይወርዳል፣ ቪዲዮም ከ1080 አይበልጥም። ለአልበምና ለግድግዳ ፎቶ ይህ ይበቃል። ፎቶግራፍ ሥራችሁ ከሆነ «ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። ሁለተኛው የሞባይል ዳታ ነው። በዳታ አፕሎድ እንዳያደርግ ከልክሉት፤ አለበለዚያ የወር ጥቅላችሁን ሳታውቁት ይጨርሰዋል።

አንዳንድ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አፑን ከጀርባ ይዘጋዋል። ሥራው የቆመ ከመሰላችሁ አፑን ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። አይፎን ላይ በተለይ ጎግል ፎቶስ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው ቶሎ የሚጨርሰው።

5. የትኛው ፎልደር እንደሚወጣ ምረጡ

ባክአፑ መጀመሪያ የሚያነሳው በካሜራችሁ ያነሳችሁትን ነው። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ፎልደሮች ለየብቻቸው ካልበሩ አይወጡም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል፤ የሠርግ ፎቶው የተላከለት በቴሌግራም ነውና።

ግን ሁሉንም አታብሩ። የእድር ግሩፑ፣ የሥራ ቤቱ ግሩፕ፣ በየበዓሉ የሚጎርፈው የ«እንኳን አደረሳችሁ» ካርድ ሁሉ ከ15 ጊጋባይቱ ይቆረሳል። ከቴሌግራም የምትፈልጉትን ፎቶ ብቻ መርጣችሁ ወደ ጋለሪ አስቀምጡ፣ ለብቻው ፎልደር አውጡለት፣ ያንን ፎልደር አብሩ።

6. በሌላ ስልክ አረጋግጡ

ይህን ሳትሠሩ ወደ 7 አትሂዱ።

መጀመሪያ በራሳችሁ ስልክ፣ ክቧን ምስል ስትነኩ «ባክአፕ ኮምፕሊት» ማለት አለበት። ስንት እንደቀረ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ አልጨረሰም። አንድ ፎቶ ከፍታችሁ ወደ ላይ ብትጎትቱት ዝርዝሩ ውስጥ «ባክድ አፕ» የሚል ታያላችሁ።

ከዚያ የእህታችሁን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ተዋሱ። ብሮውዘሩን በ«ኢንኮግኒቶ» (የገባችሁበትን በማያስቀምጠው መስኮት) ክፈቱና ፎቶስ ነጥብ ጎግል ነጥብ ኮም ብላችሁ ግቡ። አድራሻውንና ፓስዎርዱን ከወረቀቱ እያያችሁ ጻፉ። ሦስት ነገር ፈልጉ፤ የቆየውን ፎቶ፣ የትናንቱን ፎቶ፣ አንድ ረዘም ያለ ቪዲዮ። ቪዲዮው ሲጫወት አይታችሁ ዝጉት። ሲወጡ «ሳይን አውት» ማለትን አትርሱ። ይህ ሙከራ ስልኩ የጠፋ ቀን የምትሠሩት ሥራ ነው፤ ዛሬ ካቃታችሁ ያን ቀንም ያቅታችኋል።

7. ስልኩን አቅልሉ፣ በትክክለኛው መንገድ

ከስልክ መጥፋት ቀጥሎ ብዙ ፎቶ ሲጠፋ ያየሁት እዚህ ነው። ሰውየው ፎቶው ክላውድ ላይ መውጣቱን ያያል። «እንግዲህ ከስልኬ ላጥፋው» ይላል። ጎግል ፎቶስ ውስጥ ሆኖ 2,000 ፎቶ መርጦ ያጠፋል። ከስልኩም ከክላውዱም አብሮ ይጠፋል! አፑ ስልኩንና ክላውዱን እንደ አንድ ነው የሚያያቸው።

መንካት ያለባችሁ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ነው። እሱ ክላውድ ላይ በትክክል የወጡትን ብቻ ለይቶ ከስልኩ ላይ ያነሳል። የክላውዱን አይነካም። ፎቶዎቹ አፑ ውስጥ መታየታቸውን ይቀጥላሉ፤ በትልቁ ለመክፈት ግን ኔት ይፈልጋሉ።

በስህተት ካጠፋችሁ አትደንግጡ፤ «ትራሽ» ውስጥ ግቡ። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ 60 ቀን፣ ያልተደረገ 30 ቀን እዚያ ይቆያል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

የአይፎን ሰዎች፣ አይክላውድ ፎቶስ ላይም ያው ነው። ከስልኩ ያጠፋችሁት ከአይክላውድም ይጠፋል፤ «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ቦታ ለማግኘት «ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ» የሚለውን አብሩ።

8. ለቤተሰብ አጋሩ

ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ስታሳትሙት ይደበዝዛል። በጋራ አልበም ካጋራችሁት ግን ክላውድ ላይ ባለው ጥራት ይደርሳል፣ 300 ፎቶ አንድ በአንድ መላክም ይቀራል።

ጎግል ፎቶስ ውስጥ ፎቶዎቹን ምረጡ፣ አልበም ፍጠሩ፣ ስም ስጡት፣ «ሼር» በሉ። የተጋራ አልበም እስከ 20,000 ፎቶና ቪዲዮ ይይዛል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሰውን ጂሜል አስገብቶ መጋበዝ ነው፤ ያ ሰው ብቻ ነው የሚያየው። ሁለተኛው ሊንክ ነው። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይከፍተዋል። አክስታችሁ ለቤተክርስቲያን ግሩፕ ካስተላለፈችው የግሩፑ ሰው ሁሉ ያያል። የልጆች ፎቶ ከሆነ በጂሜል ብቻ ጋብዙ። የአልበሙ ሴቲንግ ውስጥ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ የሚያሳየውንም አጥፉት፤ የቤታችሁን አድራሻ ይናገራል።

ያቺ ጎረቤቴ በመጨረሻ ያደረገችው ይህንን ነው። አዲስ ጂሜል ራሷ ከፈተች። በእናቷ ስም አልበም አወጣንና ለወንድሞቿ፣ ዋሽንግተን ላለችው አክስቷ፣ ለእናቷ የጽዋ ማኅበር ጓደኞች ልጆች ላክንላቸው። ሁሉም ስልካቸውን እየበረበሩ ያላቸውን ጨመሩ። የጠፋው አልተመለሰም። ግን አይታቸው የማታውቃቸው 31 ፎቶዎች ገቡ። አንዱ ላይ እናቷ ረከቦት ፊት ተቀምጠው እየሳቁ ነው።

ለትልቅ ቪዲዮ ድራይቭ (የጎግል የፋይል ማስቀመጫ) ይሻላል። ቪዲዮ አንሺው የሠርጉን 40 ጊጋባይት በሃርድ ዲስክ ቢሰጣችሁ ሁሉንም ለማውጣት አትልፉ። በነፃው ቦታ አይገባም፤ ቢገባም በዚያ በ5 ሜጋቢት ፍጥነት 18 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። የተቀናበረውን ብቻ አውጡ። ድራይቭ ላይ ፎልደር ክፈቱ፣ ቪዲዮውን አስገቡ፣ «ሼር» በሉ። «ሪስትሪክትድ» ማለት የጋበዛችሁት ብቻ ያያል ማለት ነው። «ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ» ማለት ሊንኩ ያለው ሁሉ። ቀጥሎ፣ ለምታጋሩት ሰው «ቪውወር» (ማየት ብቻ የሚችል) የሚለውን ስጡ። «ኤዲተር» የሆነ ሰው ፋይሉን ከፎልደሩ ሊያወጣው ይችላል፤ ስልኩን ለልጁ የሚሰጥ አጎት ካላችሁ የምለው ይገባችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር የመሳሰሉትን ለሁሉ በሚከፈት ሊንክ በፍጹም አታጋሩ።

9. ሁለተኛ ቅጂ ከኢንተርኔት ውጭ ያዙ

ኔት ሲቋረጥ ክላውዱ አይከፈትም። አካውንት ሊታገድም ይችላል። ስለዚህ ለናንተ ዋጋ ያለው ፎቶ ሃርድ ዲስክ ላይም ይኑር። በዓመት ሁለቴ፣ ለምሳሌ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ አዲሶቹን ጨምሩ።

ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር አገናኝታችሁ መገልበጥ ቀላሉ ነው። ስልኩ ላይ የሌለውን ከክላውድ ለማውረድ «ጎግል ቴክአውት» የሚባለውን ክፈቱ። ሁሉንም ምልክት አንሱና ጎግል ፎቶስን ብቻ ምረጡ። የፋይሉን መጠን 2 ጊጋባይት ላይ ተዉት፤ ኔቱ ቢቋረጥ የሚደገመው አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው። የማውረጃው ሊንክ በ7 ቀን ጊዜው ያልፋል።

ፍላሽ ስትገዙ ተጠንቀቁ። «1 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 32 ጊጋባይት እንኳ የማይሞላ አለ። ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፤ ስትከፍቱት ባዶ ነው። በትልልቅ ቪዲዮ ሙሉት፣ መጨረሻ ያስገባችሁትን ክፈቱና እዩ። ሌላው ደግሞ፣ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካላችሁ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት ነው፤ እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ እያለ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ቴሌግራምን ብቸኛ ማስቀመጫ ማድረግ። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ወይም ለብቻችሁ በከፈታችሁት ቻናል ማስቀመጥ ጥሩ ተጨማሪ ቅጂ ነው። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ይቀበላል። እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፣ እንዳይጨመቅ። ግን አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥራችሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት አካውንቱ ራሱ የሚጠፋበት ሴቲንግም አለ፤ ርዝመቱን እዩት። የቴሌግራምንም የሁለት ደረጃ ፓስዎርድ አብሩ።

ቦታው ሲሞላ ዝም ማለት። 15 ጊጋባይቱ ከሞላ አዲስ ፎቶ መውጣቱን ያቆማል፤ ጂሜላችሁም ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። የሥራ ማመልከቻ መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትልልቅ ቪዲዮዎችን፣ የድሮ የዋትስአፕ ባክአፕንና ከባድ አባሪ ያላቸውን ኢሜሎች ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ አጥፉ።

ፎርማት ከማስደረግ በፊት አለማየት። ሠራተኛው «ምንም አይጠፋም» ቢላችሁ እንኳ 6ኛውን ደረጃ ሳትሠሩ ስልኩን አትስጡ።

አካውንቱን ከፍቶ መርሳት። ጎግል 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ከነፎቶው ሊሰርዘው ይችላል። የእናታችሁን የድሮ ጂሜል አንዳንዴ ገብታችሁ እዩላት፣ አንድ ፎቶም ክፈቱ። በራሳችሁ አካውንት ደግሞ «ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር» የሚባል አለ። ለተወሰነ ወር ካልገባችሁ ፎቶዎቻችሁ ለማን እንዲደርሱ እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል፤ እስከ 10 ሰው ማስገባት ትችላላችሁ። እኔ ያስገባሁት ታናሽ እህቴን ነው፤ ማስገባቴንም ነግሬያታለሁ።